አውቶብሱን ያዘገየሁባቸው ጠዋቶች

ይህ ታሪክ ለመጻፍ የሚበቃ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም፣ የተደበደበም የለም፤ አውቶብስ ደረጃ ላይ ሆን ብዬ ስለጣልኳቸው ደብተሮች ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስንሳፈር ከፊቴ የነበረች ተማሪ መጽሐፎቿ ከእጇ አምልጠው ደረጃው ላይ ተበተኑ፤ ሌሎቹ ጎንበስ ብለው ሲያነሱላት እኔ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ከሩቅ የሚሮጥ ሰው ፈለግሁ። የሚሮጥ ሰው አልነበረም። ልጅቷ የምሯን ነው የጣለችው።

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገባን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራ ስለነበር፣ እኔም እዚያው ሰፈር የጀመርኩትን ትምህርት ቤት ስላልቀየርኩ፣ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ የሚነሳውን አውቶብስ አብረን እንይዝ ነበር። ያ አውቶብስ ናፍጣ፣ የፀጉር ቅባትና በምሳ ዕቃ የተቋጠረ ሽሮ ይሸታል። የተቀመጠ ሰው የቆመውን ሰው ቦርሳ ጭኑ ላይ ይይዝለታል፤ በክረምት ሴቶቹ ጭቃ የያዘ የላስቲክ ጫማቸውን አውልቀው በፌስታል ይጠቀልሉና የሥራ ጫማቸውን መንገድ ላይ ያደርጋሉ፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ አንድ እግሯን ያነሳች ሴት የማታውቀውን ሰው ትከሻ ትይዝና ሁለቱም ይስቃሉ። ሾፌሩ ጋሽ ተካ ሁላችንንም በመስታወቱ ውስጥ ያውቀናል። የልብስ ሱቅ ያላት እትዬ ዘይነባ ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የስድስት ሰው ቦርሳ ታቅፋለች።

ከእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው እትዬ ወርቅነሽ ባሏ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሌሊት ጥበቃ የሚሠራው የእህቷ ልጅ ለተረኛው አስረክቦ ቤት እስኪደርስላት ድረስ ሰውየውን ጥላ መውጣት አትችልም፤ እሱ ደግሞ የሚደርሰው አውቶብሱ ሊነሳ ሲል ነው። አንድ ሕንፃ ላይ ጽዳት ትሠራለች። እዚያ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ይሰናበታል፣ እሷ ሁለቱን ጨርሳለች፣ ቀጣዩ አውቶብስ ደግሞ ከአርባ ደቂቃ በፊት አይመጣም።

ስለዚህ አውቶብሱን እናዘገየው ነበር። ፌርማታው ላይ መነሻ ሰዓት የሚመዘግብ ተቆጣጣሪ ስለሚቆም ጋሽ ተካ ዝም ብሎ ቢጠብቅ ይቀጣል፤ ምክንያት ያስፈልጋል። መጀመሪያ እትዬ ዘይነባ ነበረች በሩ ላይ ቆማ ቦርሳዋ ውስጥ ሳንቲም የምትፈልገው። አንድ ቀን እኔ የምሬን ደብተሮቼን ጣልኩና ሁሉም ሰው ሲለቅምልኝ እትዬ ወርቅነሽ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ፤ ልጅን ማን ይቆጣል?

"ይቺ ልጅ እጇን ቅቤ ትቀባለች እንዴ?" ይላል ጋሽ ተካ፣ ተቆጣጣሪው እንዲሰማው አድርጎ።

"ነገ በማዳበሪያ ቋጥረሽ ነይ" ይለኛል ተቆጣጣሪው።

"አንተ ደግሞ፣ ለልጅቱ ደብተር ከመልቀም ትመክራታለህ" ትለዋለች እትዬ ዘይነባ፤ ራሷ ግን አንዷን ወረቀት ለማንሳት ሦስት ጊዜ ጎንበስ ቀና ትላለች። ይሄኔ እትዬ ወርቅነሽ ነጠላዋን በእጇ ጠቅልላ ከብሎኮቹ መሀል ብቅ ትላለች፣ ትወጣለች፣ ትንፋሿ ሳይመለስ ግንባሬን ትስመኛለች። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ግን አንድ ሙሉ አውቶብስ "ጎበዝ" ይለኝ ነበር፤ ያንን ቃል ቀኑን ሙሉ አላምጠው ነበር።

ሰመረ ከእኛ ጋር መሳፈር የጀመረው በጥቅምት ነው። ኮሌጅ ጨርሶ ቦሌ አንድ መሥሪያ ቤት ለሙከራ የተቀጠረ ዝምተኛ ወጣት ነበር፤ ከጎኔ ሲቀመጥ ክፍልፋይ ያስጠናኛል። እኔ ደብተር ስበትን እሱ የእጅ ሰዓቱን ያያል። ሰዓቱን የሚወድ ይመስለኝ ነበር። መንገዳችን ላይ ያለውን ሰሚትን አሥራ ሁለት ተኩል ሳይሞላ ያላለፈ መኪና መንገዱ ተዘግቶ እንደሚይዘው፣ አራብሳ ላይ ያለፈች ሦስት ደቂቃ እዚያ ስትደርስ ሃያ ደቂቃ እንደምትሆን በዚያ ዕድሜዬ አላስብም ነበር። በጥር ወር ሰመረ ጠፋ። ማንም ስለሱ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ቅዳሜ አጠገባችን ያለው ብሎክ ደረጃ ላይ አገኘሁት። ቤታቸውን ለሚያሠሩ ሰዎች አሸዋ በጆንያ ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ነበር።

"ሰመረ፣ ሥራ ቀየርክ?"

"ቀየሩኝ" አለና ጆንያውን አስቀመጠ። "ሦስቴ አረፈድኩ፣ አሰናበቱኝ። ይልቅ ክፍልፋዩ እንዴት ሆነ?"

"ለምን ለጋሽ ተካ አልነገርከውም?"

"ምን ብዬ? ሴትዮዋን ጥለን እንሂድ ብዬ?" ሳቅ አለ። "አንቺ ግን አጣጣል ትችያለሽ። አንድ ቀን የሳይንሱን ደብተር ከመኪናው ሥር ሁሉ ላክሽው።"

እየወቀሰኝ አልነበረም። ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር። ማታ ለእናቴ ስነግራት ምስር መልቀሟን አቁማ "እኛ የምናውቀው የወርቅነሽን ቤት ነው። የሱን በምን እናውቃለን?" ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች። ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ደብተሮቼን ጣልኩ። ያን ቀን ሰሚት ላይ ቆመን ስንቀር ከኋላዬ የቆመች ሴት ስልኳን በመዳፏ ሸፍና "ደርሳለች በያቸው፣ እባክሽ፣ ሽንት ቤት ናት በያቸው" ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ የቆሙትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ፤ ስድሳውም ሰው ሰመረ መሰለኝ።

በማግስቱ ደብተሮቼን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ወጣሁና ተቀመጥኩ። እትዬ ዘይነባ የታቀፈቻቸውን ቦርሳዎች ማስቀመጫ አጥታ አፍጥጣ አየችኝ። ጋሽ ተካም በመስታወቱ እያየኝ ትንሽ ቆየ፤ ተቆጣጣሪው የመኪናውን ቆርቆሮ ሁለቴ መታ፣ በሩ ተዘጋ። በኋላው መስታወት እትዬ ወርቅነሽ ስትሮጥ አየኋት። እጇን አላነሳችም፣ አልተጣራችም፤ መሀል መንገድ ላይ ቆመችና ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች።

"ምን ነካሽ ሚጣ?" አለችኝ እትዬ ዘይነባ።

"ረሳሁት" አልኩ።

ሁሉም አመኑኝ። እትዬ ወርቅነሽም አመነችኝ፤ ከሥራዋ ከተሰናበተች በኋላ በየብሎኩ ልብስ እያጠበች ባገኘኋት ቁጥር "ልጅ አይደለሽ፣ ብትረሺ ምን ይደረጋል" እያለች ግንባሬን ትስመኝ ነበር። ባሏ ካረፈ በኋላ ወደ ዘመዶቿ አገር ሄደች፤ እውነቱን ሳልነግራት። አውቶብሱም ከዚያ ወዲያ ለማንም የዘገየበት ጊዜ የለም። ሰዎቹ ቦርሳቸውን ራሳቸው ይዘው መቆም ጀመሩ፤ ጋሽ ተካ በመስታወቱ መንገዱን ብቻ ያያል፤ እኔን ጎበዝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ትክክል ሠርቼ ይሆናል። ግን ትክክል ነው ብዬ ካደረግሁት፣ ለምን ረሳሁት እንዳልኩ እስከ ዛሬ ለራሴ መመለስ አልቻልኩም።

ያን ጠዋት ሰሚትን አሥራ ሁለት ተኩል ሳይሞላ አለፍን፤ ከእትዬ ወርቅነሽ በቀር ሁላችንም በሰዓቱ ደረስን። መጋቢት አራት ቀን፣ ማክሰኞ ነበር።