ኮምፒውተሮቼን ዝናብ የበላቸው ዕለት

አከራዬ ኮምፒውተሮቼን አይወዷቸውም ነበር። እንጅባራ ውስጥ (እሳቸው እስከ መጨረሻው በድሮ ስሟ «ቆሰበር» ነበር የሚሏት) ግቢያቸው ካለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ፣ መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች እየሰበሰብኩ እጠግን ነበር። ቆጣሪያችን አንድ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ከተማው በሙሉ ጠፍቶበት እንኳ መጥተው በሬን ይደበድባሉ።

«ምን ሰካህ ደግሞ?»

«ምንም ጋሼ፣ የሁሉም ሰው ጠፍቷል።»

«የሁሉንም አንተ ነሃ ያጠፋኸው!»

ከሁሉም የምሳሳለት አንድ ነበረኝ። ዳንግላ አንድ መጋዘን ውስጥ በር መደገፊያ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ፍሎፒ የሚጎርስ፣ ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ የነካሁት ዓይነት። ለዓመታት ዕቃ ስለቃቅምለት ኖሬ በዚያ ሐምሌ ነቃ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቅ ሲል ብቻዬን ጮህኩ። እሳቸውም ጩኸቱን ሰምተው መጡና «ይኼን ግሳንግስ ካላወጣህ ቤቴን ልቀቅ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ሞቱ።

እድርተኞቹ ለለቀስተኛው ቦታ ሲጠባቸው የክፍሌን ቁልፍ ጠየቁኝ፣ ሰጠሁ። በለቅሶ ቤት ማን ይከለክላል? ከቀብር ስመለስ ክፍሌ አግዳሚ ወንበር ገብቶበት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሮቼ አጥር ሥር ተደርድረዋል። ሸራ አልብሰናቸው ነበር አሉኝ፤ ድንኳኑ ሲያፈስ ግን ሸራው ለሰው ተፈለገ። የእንጅባራን የሐምሌ ዝናብ ለሚያውቅ ሌላውን አልነግርም። ያን የነቃውን ዘንበል ባደርገው በጎኑ ውሃ ተንዠቀዠቀ።

ማንን ልቆጣ? ሬሳ በወጣበት ቀን ስለ ዕቃ የሚያነሳ ሰው ስሙ በሰፈሩ በደግ አይነሳም። በንዴት እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሰው ተሰበሰበ። «አይ ልጅ! ለካ ጋሼን እንዲህ ይወዳቸው ኖሯል» አለ አንዱ። ባለቤታቸው ተደግፈው መጡና በነጠላቸው ፊቴን ጠረጉልኝ።

«በቃህ ልጄ። እሱም እንደ ልጁ ነበር የሚያይህ።»

እንዲህ ሲሉኝ ባሰብኝ። እንደ ልጃቸው! ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ ዓይናቸውን አየሁና ዘጋሁት። የእድሩ ዳኛ እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አላቀቁ።

«ተወው አሁን ዕቃውን። ዕቃ ይተካል፤ የማይተካው ሰው ነው።»

«አሜን» አልኩ።

አከራይ ወር ሳይሞላ ተተካ፤ የቤት ኪራዩን አሁን ልጃቸው ይቀበለኛል። ለዚያ ኮምፒውተር ግን ዳንግላም ጫግኒም ዞሬ፣ እስካሁን ምትክ አላገኘሁለትም።