ሳልድን ያመሰገንኩበት እሑድ

ሕመሜ በሳል ጀመረ። ገዘር በምትባለው ከተማችን ዳር ባለው ማሳችን ውስጥ ከእናቴ ጋር በቆሎ ስናርም ደረቴን ወግቶ ያዘኝ። ብርድ ነው ብለን ዝንጅብል ጠጣሁ፤ ሳሉ አልሄደም። ማታ ማታ እያተኮሰኝ ልብሴ በላብ ይርሳል፤ ቀሚሴ እየሰፋኝ መጣ። አንድ ጠዋት አክታዬ ላይ ደም አየሁ። አፍሬ ደበቅኩት። ሲደጋገም እናቴ አየችው።

በሚኒባስ ጂንካ ወሰደችኝ። አክታዬን መረመሩ፤ ራጅ አነሱኝ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና፣ "የሳንባ ቲቢ ነው። ይድናል" አለኝ። ቀጥሎ እናቴንም እያየ ተናገረ። "ስድስት ወር ኪኒን ትውጫለሽ። ተሻለኝ ብለሽ ካቋረጥሽ ይመለሳል። ያኔ ይህ መድኃኒት ላይሠራ ይችላል።"

በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲስተሯ ፊት እውጥ ነበር። ከመድኃኒቱ የተነሣ ሽንቴ ቀላ። የበላሁትን አስመልሳለሁ። ቤት ውስጥ ኩባያዬ ተለየ። ጓደኞቼ ከደጅ ሰላም ብለው ያልፋሉ። ድሮም ሰው ፊት አላወራም፤ አሁን ጭራሽ ዝም አልኩ። ሞትን ለመንኩ። እሱም አልመጣም።

የጸሎት ቡድናችን መሪ እህት ወርቅነሽ ጠዋት ጠዋት ይሸኙኝ ነበር። ከመዋጤ በፊት ለአንድ ነገር እንዳመሰግን ይነግሩኛል።

"ለምኑ?" አልኳቸው።

"ለያዝሽው ውሃ።"

"እሱም ያስመልሰኛል።"

"እንግዲያው እስኪያስመልስሽ ድረስ አመስግኚ" አሉና ሳቁ።

ሌላ ቀን "ዛሬ አላመሰግንም" አልኩ።

"እሺ፤ ጌታ ይህንንም ይሰማል። ዋጪ።"

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም ቤታችን መጥተው ጸለዩልኝ። በዚያው ሰሞን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ጤና ጣቢያ ከሰው መቀላቀል ትችያለሽ ስባል እናቴ በደስታ አለቀሰች፤ በጉባኤ እንደምመሰክርም ለሽማግሌዎቹ ቃል ገባች። በእኛ ዘንድ የተፈወሰ ሰው ፊት ወጥቶ ያመሰግናል። ከመሰከረ በኋላ መድኃኒት ቢውጥ ብዙዎች እንደ ጥርጣሬ ያዩታል።

"ጌታ ጨርሶታል ልጄ" አለች እናቴ። "ኪኒን እየዋጥሽ ተፈወስኩ ልትይ ነው? ምስጋና በግማሽ አይሰጥም።"

ተፈወስኩ ብል ማቋረጥ አለብኝ። ካቋረጥኩ እሞታለሁ። እምቢ ብል እናቴን አዋርዳለሁ።

እሑድ ስሜ ተጠራ። ወደ ፊት ወጣሁ። ማይኩን ያዝኩ። ሳል መጣ። ሰዉ ጠበቀኝ።

"ጌታ ይመስገን" አልኩ።

"አሜን" አሉ።

"ትኩሳቱ ለቆኛል። ሳሉ አለ። ገና አልዳንኩም። ኪኒኑን እየዋጥኩ ነው። ዛሬም ስለ ነቃሁ አመሰግናለሁ።"

አሜን ያሉት ጥቂት ናቸው። እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀድማኝ ሄደች። ለብዙ ጊዜም ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም፤ ግን ከጤና ጣቢያ ስመለስ ገንፎዬ ትኩስ ሆኖ ያልጠበቀኝ ቀን አልነበረም። መድኃኒቱን ስጨርስ ሲስተሯ "አክታሽ ነጻ ነው" አለችኝ። ዜናውን ለእናቴ ስነግራት ጭንቅላቷን በእሺታ ነቀነቀችና ጎደሬ መላጧን ቀጠለች። ሳንባዬ ጠባሳ ስለ ቀረበት ዛሬም ዳገት ሲሆን ቆም ብዬ መተንፈስ አለብኝ፤ ሊያጩኝ ያሰቡት ሰዎችም ሳል ነበራት ሲባሉ ቀሩ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደስ እያለኝ ያመሰገንኩበት ቀን ጥቂት ነው። ቢሆንም በየቀኑ የማመሰግንበት አንድ ነገር እፈልጋለሁ፤ አንዳንዴ እስኪመሽ አላገኝም።

ሐኪሙን፣ ሲስተሯን፣ እህት ወርቅነሽን፣ ዝም ብላ ያበላችኝን እናቴንም ጌታ ይባርክልኝ። እናንተ አሁን በዚህ ሕመም ያላችሁ፣ ያልሆነላችሁን ሆነልኝ ብላችሁ አታመስግኑ፤ እሱ እውነቱን ያውቃል። ጠዋት ተነሥታችሁ ማመስገን ካቃታችሁ ኪኒኑን ዋጡ። ቀኑ ገና አልመሸም።