የሰንበቴው ድስት

ከቢቸና ወጣ ባለች ቀበሌ፣ አንደኛ ክፍል ለመግባት ያልደረሱ ሃያ ሰባት ሕፃናት አስተምራለሁ። ጠዋት እየዘመሩ ይገባሉ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ግማሾቹ ምንጣፉ ላይ ተኝተዋል። ቁርስ ስላልቀመሱ ነው። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ በየስብሰባው ግን የልጆቹ ተሳትፎ ለምን እንደቀነሰ ጽፈን እንድናመጣ እንታዘዛለን።

ጥር ላይ የአልሚ ገንፎ ዱቄት መጣልን። ድስት ግን አልመጣም። ወረዳ ትምህርት ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ "እሱን ኅብረተሰቡ ያሟላ" አሉኝ። የኅብረተሰቡ ትልቅ ድስት አንድ ብቻ ነው፤ የሰንበቴው ማኅበር የዝክር ወጥ የሚሠራበት። የማኅበሩን ሰብሳቢ፣ ሙሴውን፣ ለመንኳቸው። ሽማግሌ ናቸው። "ለሕፃናት ከሆነማ ውሰጂው ልጄ" አሉኝ።

ከልጆቹ ሁሉ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ታሳስበኝ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየወሩ እየመጣች ክንዳቸውን በባለ ቀለም ጥብጣብ ትለካለች፤ አረንጓዴ ደህና ነው፣ ቢጫ ያሰጋል፣ ቀይ ሕክምና የሚያሻው ነው። የዚያች ልጅ ክንድ ቢጫ ላይ ነበር። ገንፎውን ከጀመረች በኋላ አረንጓዴው ጫፍ ደረሰ። ክፍል ውስጥ መተኛቷ ቀረ፣ ወሬዋ አላስተምር አለኝ። ሌላ መሣሪያ ስላልነበረኝ ቀለም ያስተማርኳቸውም በዚያው ጥብጣብ ነው። በትክክል ለመለሰ ይጨበጨብለታል።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ዱቄቱ ወተት አለበት። ሰባት ዓመት ላልሞላው ጾም የለም፤ ማንም ልጆቹ ለምን ይበላሉ አላለም። ድስቱ ግን በሁዳዴ የጾም ዕቃ ነው። እኔ የሞጣ ቄስ ልጅ ነኝ፤ እናቴ የጾሙን ዕቃ ከፍስኩ ለይታ ስታስቀምጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። አውቅ ነበር። ዱቄቱ ወተት እንዳለበት ለሙሴው አልነገርኳቸውም። በዐመድ ፈትጌ አጥበዋለሁ፣ ማን ያውቃል ብዬ ነው።

በጾሙ የመጀመሪያ እሑድ ወጥ ሊሠሩ የመጡት ሴቶች ድስቱን ገና ሲያሞቁት ወተት ሸተታቸው። የዚያን ቀን ዝክሩ ቀረ። ሙሴው ክፍሌ ድረስ መጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ምነው ልጄ፣ ብትነግሪኝ ኖሮ ሌላ ድስት አፈላልግልሽ አልነበረም? አሁን በምን አፌ ነው ሰው የምለምንልሽ?"

ድስቱን ወሰዱት።

ቢሮ ተመለስኩ። "በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይካተታል" አሉኝ። እሺ፣ ዱቄቱን ለየቤቱ ላድል አልኩ። ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ መመሪያ አለ ተባለ። ልጅ እንዲራብ የሚያዝ መመሪያ እንዳለ ብጠይቅ ሥነ ምግባር እንደሚጎድለኝ ነገሩኝ። የራሴ ድስት ከአምስት ልጅ በላይ አይበቃም፤ ከሃያ ሰባት አምስት መርጬ ማብላት ደግሞ አልሆነልኝም። አሁን ሳስበው፣ ያቺን ልጅ ብቻ እንኳ ባበላት ምን ነበረበት? ለማዳላት አፍሬ ሁሉንም አስራብኩ። የዱቄቱ ጆንያዎች ጥግ ላይ ተደርድረው ከረሙ። ልጆቹ እነሱን ተደግፈው ይተኙ ነበር።

ሁዳዴውን ሙሉ ብቅ ያላለችው የጤና ሠራተኛ ከፋሲካ በኋላ መጣች። ልጅቷን መጋቢት ላይ ተቅማጥ ይዟት ስለነበር መጀመሪያ እሷን ጠራናት። ጥብጣቡ ክንዷ ላይ ዞረና ጠበቀ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የራሷን ክንድ አየች። ፊቷ በራ።

"ቲቸር፣ ቀይ!" አለችኝ።

በትክክል ነው የመለሰችው። ልጆቹ እንዳስተማርኳቸው አጨበጨቡላት። እሷ ግን እኔን እያየች ትጠብቅ ነበር፤ እኔም አጨበጨብኩላት።