ንዱኩ የማታቱዋን በሮች የፈታች ጊዜ

ማቻኮስ መናኸሪያ ንዱኩን የማያውቅ አልነበረም። ናይሮቢ ከሚመላለሱት ሹፌሮች ሴቷ እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ስድስት ዓመት ወያላዋ ሆኜ ሠርቻለሁ።

ባለ አሥራ አራት ሰው ሚኒባሷ፣ በኛ አጠራር ማታቱዋ፣ ሞተሯ ደህና ነው፤ ጣጣው ቴፑ ነበር። ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠሙላት እስፒከሮች ወረቀታቸው ተቀዷል፤ ድምፁ ትንሽ ከፍ ካለ በሩ ይንዘፈዘፋል። ወጣቶቹ በመስኮት አጮልቀው «ማማ፣ ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው የምታስደምጪን?» ይሉና ከኋላችን የቆመው መኪና ውስጥ ይገባሉ። እኔ «ናይሮቢ! ናይሮቢ!» እያልኩ ጉሮሮዬ ይሰነጠቃል።

አንድ ጧት ሙቱሪ ዘንድ ሄድን። ሙቱሪ የመኪና ሙዚቃ ይገጥማል፤ እጁ የተመሰገነ፣ አፉ ያልተገራ ሰው ነው።

«እስፒከር ልታስቀይሪ?» ብሎ ሳቀ። «ለመዝሙር ይኼው ይበቃሻል። ባስ የሚባለው ወፍራም ድምፅ የወንድ ነገር ነው፤ ሆድሽን ይረብሽሻል።»

«ሦስት ልጅ የተሸከመ ሆድ ነው፤ ባስ አይከብደውም። ትገጥማለህ፣ አትገጥምም?»

«ወረፋ በዝቶብኛል።»

«እንግዲያው እስፒከሩን ሽጥልኝ፤ ወረፋህን ለራስህ ያዘው።»

እልህ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሑድ ግቢዋ ስደርስ ግን የሁለቱ የፊት በሮች የውስጥ ሽፋን ተፈቶ ሰሌን ላይ ተዘርግቷል። ራቁቱን የቀረውን ብረት በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው።

«ስማ። የሚንጫጫው እስፒከሩ ብቻ አይደለም፤ በሩ ራሱ ባዶ ቆርቆሮ ነው። እሱን ዝም ካላሰኘሁት የመላእክት መለከት ብገጥምበትም ከንቱ ነው።»

ሬንጅ የተቀባ ወፍራም ንጣፍ እየቆረጠች ብረቱ ላይ ለጠፈችበት። አዲሱ እስፒከር ጀርባው ወፍራም ስለሆነ መስኮቱ ሲወርድ መስተዋቱ ይነካዋል። ወደ መኪናው ውስጥ ገፋ እንዲልላት ከኮምፔንሳቶ ቀለበት ቆረጠች። የመጀመሪያው ተጣመመ፣ ሁለተኛው ተሰነጠቀ፣ ሦስተኛው ልክ ገባ። ቴፑን ስትከፍተው ግን ባስ የሚባል ነገር የለም።

«ሙቱሪ አታሎኝ ነው!» ብላ ካቻቪቴውን ወረወረችው። ቆይታ ሽቦዎቹን መረመረች። በግራ በኩል ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አገለባብጣ አስራቸዋለች። ስታስተካክለው ጊታሩ ክሩ እየተቆጠረ ወጣ፤ ባሱም ደረቴን ገፋው።

«አሁን ይምጡ!» አለች፣ በሩን በጥፊ መትታ።

መጡም። በሳምንቱ ወጣቶቹ እኛን ፍለጋ ይሰለፉ ጀመር። ይኼኔ የማታቱ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ «ምዜ»፣ ሽማግሌው፣ እያልን የምንጠራው ጊቾሂ ከቢሮው ወጣ።

«መንዳት የፈቀድንልሽ አንሶ ጭፈራ ቤት ከፈትሽ? ዛሬውኑ አውልቂው!»

«ምዜ፣ ወንዶቹ ጣሪያ እስኪነሳ ሲያስጮኹ ማንን አስወለቁ?»

«እነሱ እነሱ ናቸው።»

«እኔም እኔ ነኝ።»

እስክታወልቅ ድረስ ከመስመሩ አገዳት። «ለጊዜው አሮጌዎቹን መልሻቸው» ብዬ ለመንኳት።

«ለቆራሌው ሰጥቻቸዋለሁ። በእጄ የገጠምኩትን በእጄ አላወልቅም።»

በየጧቱ ለሥራ እንደምትወጣ ለብሳ መጥታ ከጊቾሂ ቢሮ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ የተቀቀለ በቆሎዋን እየፈለፈለች ትበላለች። ለምን እንደማትነዳ ለጠየቃት ሁሉ ጮክ ብላ ትመልሳለች፣ እሱ እንዲሰማ። በአምስተኛው ቀን በኛ መኪና ናይሮቢ የሚመላለሱት ማንጎ ነጋዴ ሴቶች ተሰብስበው ቢሮው ገቡ። «የሌሎቹ ጆሮ ያደነቁራል» አሉት። «የሷ ጥርት ያለ ስለሆነ ዝግ አድርጋው እንኳ ደስ ይላል፤ እኛም እናወራበታለን። እሷን ካልመለስክ ማንጎውን በሌላ ማኅበር መኪና እንጭናለን።»

በስምንተኛው ቀን ስሟ ተራ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ጊቾሂ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሷም አልጠበቀችም። በቢሮው በር ስናልፍ መስኮቶቹን አወረደችና «ጨምረው» አለችኝ።

ዘንድሮ ካሉንዴ የምትባል ሌላ ሴት ሹፌር መጥታለች። ንዱኩ የመጀመሪያ ቀኗ ላይ ጠርታ መከረቻት።

«ማንም ቴፕሽን አውልቂ ቢልሽ እሺ እንዳትዪ» አለቻት፣ እኔን በዓይኗ እያሳየቻት። «ወያላሽ ቢለምንሽም።»