ከጅዳ ሁለት ሰዓት ተኩል

ወንድሜ ከጅዳ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑን ለአገሩ ሁሉ የማስተማር ግዴታ ያለበት ይመስል ነበር። ኒካዬ ሊታሰር አንድ ወር ሲቀረው ጀምሮ በደወለ ቁጥር ይህንኑ ይነግረኛል። ርቀቱንም ከስልኩ ላይ አይቶ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ እንደማይሞላ አስረዳኝ። ከአዲስ አበባ ከሚሴ ያለውን መንገድ ግን፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ አንድም ቀን አላነሳውም። ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ሲቀመጥ የጣርማ በርን ዳገት ረስቶታል ብዬ ተናደድኩ።

አባታችን ከሞተ ወዲህ ወሊዬ፣ ማለትም እኔን የሚድረኝ፣ እሱ ነው። በእኛ ዘንድ ኒካ ሲታሰር ወሊውና ሙሽራው እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ቃል የሚቀባበሉት። ወሊው መምጣት ካልቻለ ሌላ ሰው ይወክላል፤ አጎታችንም እዚሁ ከሚሴ አለ። ሁሉም ወክለው አሉት። እሱ ግን ለሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ብሎ ማንንም እንደማይወክል ተናገረ።

ኒካው ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ተባለ። እሱ የዚያኑ ዕለት ንጋት ላይ አዲስ አበባ አረፈ። ሻንጣው እስኪወጣ ቆመ። ወደ ኮምቦልቻ የሚበረው አውሮፕላን ሞልቶ ስለነበር የኮንትራት መኪና ያዘ። ረፋዱ ላይ ሲደውል ደብረ ብርሃን እንኳ አልደረሰም። ከሰንበቴ ከተማ የመጡት የሙሽራው ሽማግሌዎች ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ። ዙሁር ተሰገደ፤ ሰውዬው የለም። ደወልንለት፤ ደብረ ሲና ነኝ፣ ልደርስ ነው አለ። ደብረ ሲና ያለ ሰው ልደርስ ነው ሲል ማንን ሊያታልል ነው? አጎቴ ሊያበርደኝ ወደ ጓዳ ብቅ ብሎ፣ ካራን ዼራዻ፣ መንገዱ እኮ ሩቅ ነው ይለኛል። ሩቅ መሆኑንማ ከእሱ በቀር ሁላችንም እናውቃለን።

የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላትም ደረሰ። የሙሽራው ወገኖች ዛሬ ካልሆነ ከረመዳን በኋላ ይሁን ማለት ጀመሩ። ሙሽራ ጓዳ ተሸፋፍና፣ ድምጿን አጥፍታ መቀመጥ ነው ወጉ። እኔ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ስልኩን ከአጎቴ እጅ ተቀበልኩ።

«ወንድሜ፣ ወክለው። ወላሂ ደክሞኛል» አልኩት።

ስልኩን ኒካውን ለሚያስረው ሼኽ ስጡልኝ አለና አጎታችንን መወከሉን ተናገረ። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ ኔትወርኩ መስሎኝ አለፍኩት።

ኒካው ታሰረ። ወንድሜ የደረሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ለመግሪብ ሶላት ጥቂት ሲቀረው፣ እንግዳው ምግብ ላይ ሳለ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልለው አፌን አሹዬ በሩ ላይ ጠበቅሁት። ትክ ብሎ አየኝና አልፎኝ ወደ ባሌ ሄደ። ቀኝ እጁን ያዘው። ባሌ ለሰላምታ መስሎት ሊያቅፈው ተነሣ፤ ወንድሜ ግን እጁን እንደያዘ ቆመ።

«አባቴ አደራ የሰጠኝ እሷን ነው» አለው። «በዚህ እጄ ልሰጥህ ነበር የመጣሁት።»

ስድቤን ትቼ እዚያው በሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አዛን ሲጠራም እጁን አልለቀቀውም ነበር።