ለሙሽራዋ የተሠራው ቢላዋ

ልጅ ሳለሁ፣ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት ከተማ ከገባን ብዙም ሳንቆይ፣ ምሽታችንን የምናሳልፈው ከሕንፃችን ጀርባ ከአያቴ ከአባባ መኳንንት ጋር ነበር። አባባ ጎንደር ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበሩ እዚህም እጃቸው አርፎ አይቀመጥም። ከሰል አቀጣጥለው ይሠራሉ፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ፍሙን ከበን፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ከየመስኮቱ በሚወርደው ብርሃን ተረታቸውን እንሰማለን።

ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ፣ ታናሿ አክስቴ ዘሪቱ በማግስቱ ልታገባ ነበር። አባባ ከአሮጌ ሞረድ ለሰርጓ ዳቦ መቁረጫ የሚሆን ቢላዋ ሠርተውላት፣ የወይራ እጀታውን ከሱቅ በተገዛ ሙጫ አጣብቀው አሳድረውት ነበር። በዚያ ምሽት የብረት ጥርስ ሊያሠራ ቀጥቃጭ ቤት ስለሄደ ጅብ እያወሩልን ሳለ ቢላዋውን ከጨርቁ ፈቱት። ከእጀታው ሥር ሾልኮ የወጣው ሙጫ፣ እንደ መስታወት በተወለወለው ስለት ላይ ተጓጉሎ ደርቋል።

አባባ ቢላዋውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ተረቱም ተቋረጠ።

«ብፍቀው ይጫጫራል፤ በእሳት ባሞቀው እጀታው ይለቃል» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም።»

ዘሪቱ ጥፍሯን ልትቀባ ቁጭ ካለችበት ደረጃ ብድግ አለች። «ሬጋ፣ ሬጋ!» አለች በዕብራይስጥ፤ «ይቆዩ እንጂ አባዬ» ብላ ትንሽ ጠርሙስ አቀበለቻቸው።

አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። «ምንድን ነው?»

«የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ።»

«በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቢላዋ ሊጸዳ!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ግን ሞከሩት። ከፍሙ ራቅ ብለው ጨርቅ ነከሩና፣ እንጨቱን እንዳይነካ ተጠንቅቀው ሙጫው ላይ አሳረፉት።

«አባባ፣ ጅቡስ?» አልኳቸው።

«ጅቡማ ‹ብረቱ እስኪበርድ አፍህን ከፍተህ ጠብቅ› ተባለ። እሱ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ በፊቱ እያለፈ በሰላም ቤቱ ገባ!»

ሳቃችን ሳያባራ ጨርቁን አነሡት። የለሰለሰውን ሙጫ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ገፋ ገፋ አደረጉት፤ ተልጦ ወደቀ። ስለቱ ላይ አንድ ጭረት እንኳ አልነበረም። ዘሪቱ እልል አለች፤ ጎረቤቶች ሰርጉ ዛሬ ነው እንዴ ብለው በየመስኮቱ ብቅ ብቅ አሉ።

በማግስቱ ዳቦው በዚያ ቢላዋ ተቆረሰ። አባባ ግን ያገኙትን ሰው ሁሉ እየያዙ የሚያወሩት ስለ ልጃቸው ብልሃት ነበር።

እኔ ዘንድ የቀረው ከሰርጉም በኋላ ያለው ነው። አባባ ሱቅ በገባን ቁጥር ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይጠይቃሉ። ሻጯ አንዴ ጺማቸውን፣ አንዴ ጥላሸት የጠገበ ጥፍራቸውን ታያለች። እሳቸው አያፍሩም። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በባዕድ ቋንቋ፣ አዲስ ነገር ማወቃቸው ፊታቸውን እንዴት እንዳበራው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ እኔም እጃቸውን ይዤ ከጎናቸው ስቆም ከእኔ የሚኮራ ልጅ በከተማው ያለ አይመስለኝም ነበር።