የፈትያ እግርና የባንኮኒው ልክ

ፈትያ አስራ ሰባት ዓመት የቆመችው ሁለት ክንድ በማትሞላ ቦታ ነው። ከጀርባዋ የጨርቅ ጣቃ፣ ከፊቷ ባንኮኒ። መሃል ከተማ ያለው ሱቅ የአማቷ የአባ ኑሪ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አንድ ሕግ አላቸው፦ «ደንበኛ ቆሞ ሻጭ አይቀመጥም። ሻጭ ከተቀመጠ ገበያው ይተኛል።»

ምን ታድርግ? ቆመች። አራቱንም ልጆቿን ምጥ እስኪያፋፍማት እዚያው ቆማ ነው የተሸከመቻቸው። ከሦስተኛዋ እርግዝና ወዲህ ግን ግራ ባቷ ላይ ደም ሥሯ ሰማያዊ ገመድ መስሎ ተጠማዘዘ፤ ወደ ማታ እግሯ ያብጣል፣ ይከብዳል። እሷም እንደ እናቷ አደረገች፤ እብጠቱ ሽቅብ እንዳይወጣ ብላ ከጉልበቷ በታች በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ቁርጭምጭሚቷ አካባቢ ቆዳዋ ጠቁሮ ሲያሳክካት ነው ክሊኒክ የሄደችው።

ነርሷ ሰላማዊት ሻሹን ስታይ ጮኸች። «ፈትዬ፣ ኧረ በፈጠረሽ! ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ። እሷም እግሯ እንዲህ ነበር።»

«ሕመሙንም ከእሷ ሳትወርሺው አልቀረሽም። ስሚኝ፤ ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ዳገት ወጥቶ ነው። ሥሩ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ደሙን ወደ ላይ ያሳልፉና ይዘጋሉ። ስትራመጂ ባትሽ እየጨመቀ ይገፋዋል። ተገትረሽ ስትውዪ ግን ማን ይግፋው? እርግዝናውም ተጨመረበት። በሮቹ ላልተው አልገጥም አሉ፤ ደሙ ቁልቁል ተመልሶ ሥሩን ወጠረው። አንቺ ደግሞ መውጫውን አሰርሽበት!» ሻሹን ፈታችላት። «ተቀመጪ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ ተራመጂ። አለዚያ ይቆስልብሻል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም።»

በማግስቱ ፈትያ በርጩማ ይዛ ሱቅ መጣች። አባ ኑሪ በርጩማውን አዩ፣ እግሯን አዩ፤ ጢማቸውን አሻሹ። «ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

ተቀመጠች። ባንኮኒው ከአናቷ በላይ ሆነ። ከፍ ያለ ወንበር እንዳይባል፣ በጣቃውና በባንኮኒው መሃል አይገባም። ሁለት ሴቶች መጡና «ሰው የለም» ብለው ወደ ጎረቤት ሱቅ አለፉ።

«አለሁ! አለሁ!» አለች ከታች። ማን ይስማት?

ሦስተኛዋ ደንበኛ ልታልፍ ስትል ፈትያ ራሷ ተነሣች። ተነሺ ያላት ሰው አልነበረም።

ከሰዓት እግሯ ከበዳት። ልራመድ ብትል ከአንድ እርምጃ በኋላ ግድግዳ ነው። ባንኮኒውን ይዛ ተረከዟን አነሣች፣ አወረደች፤ አነሣች፣ አወረደች። ባቷ ሲጨመቅ ተሰማት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያዘልልሻል?» አሉ አባ ኑሪ።

«እየሄድኩ ነው፣ አባባ።»

«ወዴት?»

«የትም» አለችና ተረከዟን ደግማ አነሣች።